ማን ጠየቀኝ? የሞት ፍርድ፣ ሕገ መንግሥቱና የሟች ቤተሰብ



ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ምክንያት የሆነን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። የምናስተምርበት ትምህርት ቤት ከልደታ ፍርድ ቤት ብዙም አይርቅም። ጠዋት ከባቡሩ ከሚወርደው ሰው ግማሹ ደብተር የያዘ ልጅ፣ ግማሹ ደግሞ ፋይሉን በፌስታል የጠቀለለ ባለጉዳይ ነው። ልጆቹ ፍርድ ቤቱን እንደ ጎረቤት ያውቁታል። የእስረኛ መኪና ሲገባ ያያሉ፤ ደጅ ላይ የምታለቅስ እናት ያያሉ፤ «ስንት ዓመት ተፈረደበት?» እየተባባሉ ይጠያየቃሉ።

በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 15 ስናነብ ነው ልጁ እጁን ያወጣው። «ቲቸር፣ ሰው ሁሉ የመኖር መብት ካለው፣ ያ ፍርድ ቤት ሞት የሚፈርደው በየትኛው መብቱ ነው? ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም?» አፋችንን ሳንከፍት ከኋላ ወንበር ሌላው ቀደመን። «ቂሷስ አለ አይደል እንዴ? የገደለ ይገደላል፤ አለቀ!» ክፍሉ ለሁለት ተከፈለና ተንጫጫ፤ ደወሉም ተደወለ። እኛ መድረሳም የመንግሥት ትምህርት ቤትም ያሳደገን ነንና፣ የሁለቱም ልጆች ጥያቄ የራሳችን ሆኖ አብሮን ወደ ቤት ገባ።

ልጁ ግማሹን ነው ያነበበው

ከመጀመሪያው ልጅ እንጀምር። አንቀጽ 15 የመኖርን መብት ካወጀ በኋላ እዚያው አንድ በር ትቷል። በሕግ በተደነገገ ከባድ ወንጀል ሳቢያ በሚሰጥ ቅጣት ካልሆነ በቀር ማንም ሕይወቱን አያጣም ይላል። ስለዚህ «የሞት ቅጣት ሕገ መንግሥታዊ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን በሌላው አገር እንዳለው ያህል ክፍት አይደለም። አንቀጹ ቅጣቱን በስሙ ሳይጠራው ቦታ ሰጥቶታል።

ሌላም ነገር አለ። ልደታ የተቀመጠ ዳኛ አንድ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ቢያምን እንኳ በራሱ ሥልጣን ሊሽረው አይችልም። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 62 የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብለት ደግሞ አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው።

ደቡብ አፍሪካን ብንመለከት ልዩነቱ ይገለጥልናል። የዚያን ጊዜው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥታቸው የመኖርን መብት ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ስለ ሞት ቅጣት ዝም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1995 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው በእነ ማክዋንያኔ ጉዳይ አሥራ አንዱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ቅጣቱን ሻሩት። ከአሥራ አንዱ አንዱ በኋላ የአገሪቱ ዋና ዳኛ የሆኑት እስማዒል መሐመድ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ቅጣቱ እንዲቀር አልጠየቀም ነበር፤ ዳኞቹም ይህን አላጡትም። የሕዝብ አስተያየት ሕገ መንግሥትን አይተካም አሉና ወሰኑ።

በኬንያ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የሻረው የሞትን ቅጣት ሳይሆን አስገዳጅነቱን ነው። የኬንያ ሕግ በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ለተባለ ሁሉ ከሞት ሌላ አማራጭ አይሰጥም ነበርና የዳኛው እጅ ታስሮ ነበር። የእኛ ዳኛ እጁ አልታሰረም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 ለከባድ የነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ብሎ ሁለቱን አስቀምጧል፤ መምረጥ የዳኛው ነው። ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ላይ ሞት አይፈረድም። ፍርዱ በአደባባይ ወይም በስቅላት አይፈጸምም። (ካፌ ተቀምጦ «ይሰቀል!» የሚለው ወንድማችን ይህን ልብ ይበል።) ከሁሉም በላይ ደግሞ የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ካላጸደቀው ማንም በሞት አይቀጣም።

የሞት ፍርድ በአገራችን የሚቆመው እዚህ ፊርማ ላይ ነው። ከ1983 ወዲህ በፍርድ ቤት ሞት የተፈረደበት ሰው ጥቂት አይደለም፤ ተፈጸመ ተብሎ በይፋ የታወቀው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው በ1990 የጄኔራል ሀየሎም አርአያ ገዳይ ላይ፣ ሁለተኛው በሐምሌ 1999 የደኅንነት ኃላፊ የነበሩትን የክንፈ ገብረ መድኅንን ገዳይ ላይ ነው። የሁለቱም ሟቾች ስም ትልቅ እንደነበር አንባቢ ያስተውላል። ሌላው ፍርደኛ ፊርማውን ይጠብቃል። ሳይሞትም ሳይኖርም።

አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሲጎድለው

ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 4፣ በአዲስ አበባ ሌላ ታሪክ ተከፈተ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ወንጀል የተከሰሱበት ችሎት ሥራውን ጀመረ። ዋናው ተከሳሽ በ1983 ወደ ዚምባብዌ ሸሽተው ስለነበር የተከሰሱት በሌሉበት ነው። ከሳሹ በ1984 በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ነበር። ክሱ የተመሠረተው በንጉሡ ዘመን በ1949 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ነው። ያ አንቀጽ ከዓለም አቀፉ ስምምነት ሰፋ ብሎ የፖለቲካ ቡድንንም ይጠብቃል። ቀይ ሽብር ሰውን በፓርቲው እየለየ የፈጀ ነውና ክሱ ያለዚያ ቃል አይቆምም ነበር።

ወጣት አንባብያን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንፈልጋለን። ከልደታ ብዙ ሳይርቅ፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመበት ቦታ ላይ፣ ቀደም ሲል ዓለም በቃኝ የተባለው ከርቸሌ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞው መንግሥት ሹማምንትና መኮንኖች በዚያ ግቢ ያለ ክስ፣ ያለ ጠበቃ፣ ያለ ዳኛ ተረሸኑ። የሞት ፍርድ ተብሎ የተነገረው በማግሥቱ በሬዲዮ ነው። ያንን ያደረጉት ሰዎች ግን በተራቸው ሲከሰሱ ጠበቃ ቆሞላቸዋል፤ ምስክር ተሰምቶባቸዋል፤ መከላከያ አቅርበዋል። ችሎቱም ዓመታት ፈጀ። አንዳንዱ ተከሳሽ ፍርዱን ሳይሰማ ሞተ፤ አንዳንዷ የሟች እናትም እንዲሁ።

የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጥፋተኝነት ውሳኔውን የሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ነው። ችሎቱ ከተከፈተ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው። ከዳኞቹ አንዱ በዘር ማጥፋቱ ክስ ላይ የተለየ አስተያየት ነበራቸው። ጥር 3 ቀን ቅጣቱ ተነበበ። ዐቃቤ ሕግ ሞት ጠይቆ ነበር፤ ችሎቱ ግን ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ሞት መፍረድ ይችል ነበር፣ ሕጉም ይፈቅድለት ነበር፤ አልፈረደም። ደቡብ አፍሪካውያን ዳኞች ሕጉን በመሻር የደረሱበት ቦታ ላይ የእኛዎቹ ሕጉን ሳይነኩ በመምረጥ ብቻ ደረሱ። ሕገ መንግሥት ስለ ሞት ቅጣት ምን ይላል ብሎ ለጠየቀን ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንለትም፤ ዳኛ ባይሽርም ይመርጣል።

ምርጫው ግን አልጸናም። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኮሎኔል መንግሥቱና በቅርብ ባልደረቦቻቸው ላይ ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ የቀረው ያ ፊርማ ነበር።

አንድ ኤምባሲ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት

እዚህ ላይ ስለ ጣልያን ኤምባሲ ሳናነሣ ብናልፍ ጉዳዩ ይጎድላል። ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ጥቂት ከፍተኛ ባለሥልጣናት ወደ ኤምባሲው ገብተው ተጠለሉ። ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን በ1996 እዚያው ሕይወታቸው አለፈ። ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላ ግን እዚያው ሽማግሌ ሆኑ። የኢትዮጵያ መንግሥት አስረክቡን አለ፤ ጣልያን እምቢ አለች። ምክንያቱ ለሰዎቹ ማዘን አልነበረም። የጣልያን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሞት ቅጣትን ያግዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው «አንገድለውም» የሚል ማረጋገጫ ቢሰጥ እንኳ ሰውን የሞት ቅጣት ወዳለበት አገር አሳልፎ መስጠት አይቻልም ብሎ በየነ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን አስበው። የእኛ ሕገ መንግሥት ቅጣቱን ይፈቅዳል፤ የእነሱ ይከለክላል፤ ሁለቱ ሕገ መንግሥታት የተገናኙት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አጥር ላይ ነው። አጥሩም ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት ጸና። መውጫ የተገኘው ታኅሣሥ 2013 ነው። ፕሬዚዳንት ሳህለ ወርቅ ዘውዴ የሞት ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ፤ በዚያው ወር የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአመክሮ እንዲለቀቁ ወሰነ።

የሌሎቹ ጉዳይ ያለቀው ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት የሃይማኖት መሪዎች እስረኞቹ ይቅርታ መጠየቃቸውን ለመንግሥትና ለሕዝብ አቀረቡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ ለተፈጸመ ወንጀል ምሕረትም ይቅርታም የለም ይላል፤ ሆኖም ርእሰ ብሔሩ የሞትን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ እንዲችል ፈቅዷል። በዚያች ቀዳዳ በኩል ግንቦት 2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 ሰዎችን የሞት ፍርድ ለወጡ። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ደግሞ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ አመክሮ ሊጠይቅ ይችላል። ሰዎቹ የታሰሩት በ1983 ስለሆነ ሃያው ዓመት ሞልቶ ነበር፤ መስከረም 2004 ላይ ብዙዎቹ ከእስር ወጡ።

ሕጉን የተከተለ ነው። አንድም መስመር አልተጣሰም። ግን ወደ ሁለተኛው ልጅ ስንመለስ አንድ ነገር ጎድሎ እናገኘዋለን።

«ቂሷስ አለ አይደል እንዴ?»

አለ። ልጁ ያልተማረው ግን ቂሷስ የማን እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያ ማደናገርን ለመከላከል ያህል፣ በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጣቸው ሥልጣን ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና የመሳሰለውን ይመለከታል፤ እሱም ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ ነው። የወንጀል ጉዳይ አያዩም። ስለ ቂሷስ የምንነጋገረው ፍርድ እንዲሰጥበት ሳይሆን እኛ ሙስሊሞች የሰውን ደም እንዴት እንደምናይ ለማወቅ ነው።

ሱረቱል በቀራህ 178ኛውን አንቀጽ ከነተፍሲሩ ያነበበ ሰው ለሟች ቤተሰብ ሦስት መንገድ እንደተከፈተ ያያል። እኩያ ቅጣት መጠየቅ፣ ዲያህ (የደም ካሳ) መቀበል፣ ወይም ለአላህ ብሎ ይቅር ማለት። ለይቅርታው ያደላ መሆኑም ግልጽ ነው፤ ገዳዩን በዚያው አንቀጽ ውስጥ የሟች ወገን «ወንድም» አድርጎ ይጠቅሰዋልና። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የቂሷስ ጉዳይ በቀረበላቸው ቁጥር ይቅርታን ይመክሩ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። በሻፊዒይም በሐነፊይም መዝሀብ ከወራሾቹ አንዱ ብቻ እንኳ ይቅር ካለ ቂሷሱ ይወድቃል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከወራሾቹ መካከል ሕፃን ካለ ደግሞ እስኪጎለምስ ይጠበቃል፤ ገዳዩም ታስሮ ይቆያል። አንድ ሕፃን አድጎ ሐሳቡን እስኪናገር ድረስ ፍርድ ይቆማል ማለት ነው።

ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በወሎ አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች በገዳይና በሟች ቤተሰብ መካከል ገብተው ደም ያደርቃሉ። ሸምጋዮቹ የሚጀምሩት ከሟች ቤት ነው። ያ ቤት እሺ ሳይል ገዳይ በሰፈሩ አያልፍም።

እንግዲህ ኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ «የገደለ ይገደላል፤ አለቀ» ሲል ከሦስቱ አንዱን ብቻ አንሥቶ፣ እሱንም ከባለቤቱ እጅ ወስዶ ነው የተናገረው። ቢሆንም ልጁን ብቻ አንወቅስም። ሞትን የፈረደውም፣ የለወጠውም፣ የፈታውም ሕግ የሟችን ቤተሰብ በምስክርነት እንጂ በባለመብትነት አልጠራም። መንግሥት ያደረሰው ግድያ እንደ ሁለት ሰዎች ጠብ አይታይም፣ አገር የሚመለከተው ነው የሚል ክርክር መኖሩን እናውቃለን፤ ክብደትም አለው። በሺዎች የሚቆጠር ቤተሰብን አንድ በአንድ መጠየቅስ እንዴት ይቻላል የሚልም አለ። ይህኛው ግን ያን ያህል አላሳመነንም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ምስክር መጥራት የቻለ አገር ነው።

ሐጃ

በግቢያችን አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም ሐጃ እያልን እንጠራቸዋለን። የካቲት 1970 የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ወንድማቸውን ሌሊት መጥተው ከቤት ወሰዱት። እሳቸው ያኔ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። አባታቸው ለሁለት ሳምንት ከቀበሌ ቀበሌ ዞሩ፤ ሬሳው አልተገኘም። ከፈን የለ፣ መቃብር የለ። አባታቸው ሶላተል ጋኢብ የሰገዱለት ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ደርግ በወደቀበት ክረምት ነው። እስከዚያ ድረስ «ሞቷል» ብሎ መስገድ ተስፋ መቁረጥ መስሎባቸው ነበር። አባትም እናትም አልፈዋል፤ ከወራሾቹ የቀሩት ሐጃ ብቻ ናቸው።

ባለፈው ጁሙዓ ሁለቱን ተማሪዎች ይዘን ገባን። ቡና ተፈልቶ ነበር። ልጆቹ ጥያቄያቸውን ደገሙላቸው፤ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥቱን፣ ሁለተኛው ቂሷስን አነሡ። ሐጃ እያደመጡ ሲኒውን አጠቡ።

«በቴሌቪዥን ነው የሰማሁት» አሉ። «የሃይማኖት አባቶች ተሰብስበው ይቅርታ ተባለ ሲሉ። የእኛም ትልልቅ ሰዎች ነበሩበት። ጥሩ ነገር ነው ልጆቼ፤ ይቅርታ ጥሩ ነገር ነው። እኔን ግን ማን ጠየቀኝ? ይቅር ማለት የእኔ ነበር። ከእጄ ላይ ወስደው ሰጡብኝ።»

የኋላ ወንበሩ ልጅ ፊቱ በራ። «አያችሁ! ሐጃ ይገደሉ ነበር የሚሉት።»

«ማን አለ?» አሉት ቆጣ ብለው። «እኔ ገደሉልኝ አልኩ? አሥራ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። አንዱ ተከሳሽ በዱላ ተደግፎ ሲገባ አይቼዋለሁ። አባቴን መሰለኝ። ያን ቀን ወደ ቤት መጥቼ ምሳ አልበላሁም።»

ትንሽ ዝም አሉ። ሕገ መንግሥቱን የጠየቀው ልጅ ቀስ ብሎ፣ «ታዲያ ሐጃ፣ ጠይቀውዎት ቢሆን ምን ይሉ ነበር?» አላቸው።

ሐጃ ጀበናውን አነሡና የቀረውን ቡና ለልጁ ቀዱለት።

«መጀመሪያ ይጠይቁኝ» አሉ። «ያን ጊዜ እነግራቸዋለሁ።»

አዛን ሲያደርግ ልጆቹ ተነሥተው የዉዱእ ውኃ አቀረቡላቸው።